ቬራክሪፕት፦ ቁልፉ በባለቤቱ እጅ ብቻ

የላፕቶፕዎ መክፈቻ ፓስዎርድ ፋይሎችዎን የሚጠብቅ ይመስልዎታል? ሃርድ ዲስኩን ፈትቶ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ማገናኘት ለአንድ ጥገና ሠራተኛ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ዲስኩ ካልተመሰጠረ ያ ፓስዎርድ አያግደውም፤ ስካን የተደረገው ፓስፖርት፣ የቤት ካርታው፣ የሕክምና ውጤቱ ሁሉ እንዳለ ይነበባል። ላፕቶፕ ደግሞ የሚሰረቅ፣ ለጥገናም ሰው ቤት የሚያድር ዕቃ ነው።

ቬራክሪፕት ይህን ቀዳዳ የሚደፍን ነፃ ፕሮግራም ነው። ሙኒር ኢድራሲ ትሩክሪፕት የተባለውን የቀድሞ ፕሮግራም መሠረት አድርጎ በ2013 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ አወጣው። በዓመቱ ማንነታቸውን ያልገለጹት የትሩክሪፕት ሠሪዎች ሥራውን በድንገት ሲያቆሙ ብዙ ሰው ወደዚህ ዞረ። ሙሉ ዲስክ የሚመሰጥሩት የዊንዶውሱ ቢትሎከርና የማኩ ፋይልቮልትም ጥሩ ናቸው፤ እኔ ቬራክሪፕትን የማስቀድመው በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ስለሚሠራ ነው።

መጀመሪያ መጠኑን፣ ለምሳሌ 5 ጊጋባይት፣ ወስነው አንድ ፋይል ይፈጥራሉ። ይህ ፋይል እንደ ካዝና ነው። ሳይከፈት ያየው ሰው ትርጉም የለሽ የባይቶች ክምር እንጂ ሌላ አያገኝም። ፓስዎርዱን ሲያስገቡ ግን እንደተሰካ ፍላሽ ራሱን ችሎ ብቅ ይላል፤ ሰነዶችዎን ይጨምሩበታል፣ ያነቡበታል፣ ሲጨርሱ ይዘጉታል። ምስጢሩ የሚፈታው በኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ላይ እያለ ነው፤ ካዝናው ውስጥ የሚጻፈው ሁሉ የተመሰጠረ ነው።

ምስጠራው በአብዛኛው የሚሠራው በኤኢኤስ ነው። ዮአን ዳመንና ቪንሰንት ራይመን የተባሉ ሁለት ቤልጂየማውያን የነደፉት ይህ ስልት ከ15 ተወዳዳሪዎች ተመርጦ በ2001 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት ደረጃ ሆነ። ባለ 256 ቢት ቁልፉን አንድ በአንድ እየሞከሩ ማግኘት የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ሌባው የሚገምተው ፓስዎርዱን ነው። ቬራክሪፕትም ፓስዎርዱን በመቶ ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እየደጋገመ ያሰላዋል፤ ባለቤቱ አፍታ ይጠብቃል፣ ገማቹ ግን በእያንዳንዱ ሙከራ ይህን ዋጋ ይከፍላል። ሆኖም የልጅ ስምና የልደት ዓመት የሆነን ፓስዎርድ ይህ ሁሉ አያድነውም። እርስ በርስ የማይገናኙ አምስት ስድስት ቃላት ይምረጡ።

ጥሩ ፓስዎርድም ብቻውን አይበቃም፤ ካዝናው ክፍት እያለ ኮምፒውተሩ ላይ የገባ ቫይረስ ውስጡን ማንበብ ይችላል። ሰነዱን ወደ ካዝናው ከገለበጡ በኋላ ያልተመሰጠረው ቅጂ ዴስክቶፕ ላይ ወይም በቴሌግራም የተላከበት ቦታ ከቀረም ድካሙ ከንቱ ነው።

ፓስዎርዱ ቢጠፋ የሚመልስልዎ ድርጅት የለም፤ ጥንካሬውም ከዚህ ይመጣል። ካዝናውን ሌላ ዲስክ ላይ ቅጂ ያኑሩለት። ፓስዎርዱን ደግሞ በወረቀት ጽፈው፣ በፖስታ አሽገው፣ ዋናዎቹ ሰነዶች ባሉበት ያስቀምጡና ቦታውን ለሚያምኑት አንድ የቤተሰብ ሰው ይንገሩ፤ እርስዎ በሌሉ ጊዜ ካዝናውን መክፈት የሚያስፈልጋቸው ቤተሰቦችዎ ናቸው።