አዲሱ ካፒታል ለማን ይጠቅማል? አናሳ ባለአክሲዮኖች በዕዳ በተጫነ የሪል እስቴት ኩባንያ ውስጥ

በዕዳ የተጫነ የሪል እስቴት ኩባንያ አዳዲስ አክሲዮኖችን አውጥቶ ለነባር ባለአክሲዮኖቹ በቅድሚያ ሲያቀርብ፣ የአናሳ ባለአክሲዮኖች የመጀመሪያ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «ዋጋው ምን ያህል ቅናሽ አለው?» የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ ከቅናሹ መጠን ይልቅ የሚዋጣው ገንዘብ የማንን ሀብት እንደሚያሳድግ ማወቁ ወሳኝ ነው የሚል ነው። ለማሳያነት የቀረቡት እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ኪራይ ሲቋረጥባቸው የተፈተኑ ሦስት የአውሮፓ የገበያ ማዕከል ባለቤቶች ናቸው።

የቅናሹ ስሌት

የአንድ አክሲዮን የገበያ ዋጋ 100 ብር ነው እንበል። ኩባንያው ለእያንዳንዱ ነባር አክሲዮን አንድ አዲስ አክሲዮን በ40 ብር ቢያቀርብ፣ ከሽያጩ በኋላ የሚጠበቀው ዋጋ 70 ብር ይሆናል፤ የመግዛት መብቱም በራሱ 30 ብር ያወጣል። 100 አክሲዮን ያለው ሰው 4,000 ብር ከፍሎ ቢገዛ 14,000 ብር የሚያወጡ አክሲዮኖች ይኖሩታል። መብቱን ቢሸጥ 7,000 ብር የሚያወጡ አክሲዮኖችና 3,000 ብር ጥሬ ገንዘብ ይይዛል፤ የድምፅ ድርሻው ግን በግማሽ ይቀንሳል። መብቱን ሳይጠቀምበትም ሳይሸጠውም ጊዜው ቢያልፍበት 3,000 ብር ያጣል። ስለዚህ ቅናሹ ብቻውን ባለአክሲዮንን አይጎዳም፤ የሚጎዳው መብቱን ያለ ዋጋ ማስቀረቱ ነው።

የዕዳ ጫና

ከላይ ያለው ስሌት የተዋጣው ገንዘብ በሙሉ የባለአክሲዮኖች ሀብት ሆኖ ይቀጥላል ብሎ ያስባል። ዕዳ ሲከብድ ይህ ግምት አይሠራም። የኩባንያው ሕንፃዎች በእኩል ዕድል ወደፊት 1,200 ወይም 800 ሚሊዮን ብር የሚያወጡ ቢሆንና ዕዳው 900 ሚሊዮን ብር ቢሆን፣ ባለአክሲዮኖች በመልካሙ ሁኔታ 300 ሚሊዮን ያገኛሉ፤ በክፉው ምንም አያገኙም። ወለድን ወደ ጎን ብንተው የድርሻቸው አማካይ ዋጋ 150 ሚሊዮን ነው። 100 ሚሊዮን አዋጥተው ዕዳውን ወደ 800 ሚሊዮን ቢያወርዱ የድርሻቸው ዋጋ 200 ሚሊዮን ይሆናል። 100 ሚሊዮን ከፍለው ያተረፉት 50 ሚሊዮን ብቻ ነው፤ ቀሪው 50 ሚሊዮን ብድሩ ይበልጥ አስተማማኝ ለሆነላቸው አበዳሪዎች ተላልፏል። ስቱዋርት ማየርስ እ.ኤ.አ. በ1977 ያብራራው የዕዳ ጫና ችግር ይኸው ነው።

ይሁንና አለማዋጣትም የራሱ ዋጋ አለው። ዕዳው ከንብረቱ ዋጋ ጋር ያለው ጥምርታ በብድር ውሉ ከተወሰነው ጣሪያ ካለፈ፣ አበዳሪዎች ንብረቱ በርካሽ እንዲሸጥ ሊያስገድዱ ይችላሉ። ያኔ ባለአክሲዮኑ የሚያጣው የመጨረሻ ተስፋውን ነው።

ሦስት ውጤቶች

የእንግሊዙ ኢንቱ እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ከባለአክሲዮኖች ካፒታል ለማሰባሰብ ሞክሮ ስላልተሳካለት፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ወር በሕግ በተሾሙ አስተዳዳሪዎች እጅ ወደቀ።

ሐመርሰን በበኩሉ አምስት አክሲዮኖችን ወደ አንድ ካዋሐደ በኋላ፣ ለእያንዳንዱ አክሲዮን 24 አዳዲስ አክሲዮኖችን በ15 ፔንስ አቅርቦ 552 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል አሰባሰበ። ያልተሳተፈ ባለአክሲዮን ከቀድሞ ድርሻው የቀረለት 4 በመቶ ብቻ ነበር። ከዚሁ ጎን ለጎን ኩባንያው በቪያ አውትሌትስ ውስጥ የነበረውን ድርሻ ለኤፒጂ ሸጧል፤ ኤፒጂ ደግሞ ከሐመርሰን ትልልቅ ባለአክሲዮኖች አንዱ ነበር። ትልቁ ባለአክሲዮን ገዢም ሆኖ ሲቀርብ፣ አናሳው ስለ አክሲዮኑ ዋጋ ብቻ ሳይሆን ስለ ንብረቱ መሸጫ ዋጋም መጠየቅ ይኖርበታል።

ዩኒባይል ሮዳምኮ ዌስትፊልድ የ3.5 ቢሊዮን ዩሮ አዲስ አክሲዮን ለማውጣት ያቀረበው ዕቅድ ተቃውሞ የገጠመው፣ 5 በመቶ ገደማ ድርሻ በያዙት በዛቪዬ ኒየልና የኩባንያው የቀድሞ መሪ በነበሩት በሌዮን ብሬስሌ ከሚመራ ቡድን ነው። ተቃዋሚዎቹ ኩባንያው አጣዳፊ የገንዘብ እጥረት እንደሌለበትና ይልቁንም በአሜሪካ ያሉትን ንብረቶች መሸጥ እንደሚሻል ተከራከሩ። በኅዳር 2020 (እ.ኤ.አ.) ጉባኤ ዕቅዱ የአብላጫውን ድምፅ ቢያገኝም ሁለት ሦስተኛውን ስላልሞላ ወደቀ። ኩባንያው ግን አልወደቀም፤ የትርፍ ክፍያ አቁሞና ንብረት ሸጦ ዕዳውን መቀነስ ቀጠለ።

የኢንቱንና የዩኒባይልን ዕጣ የለያቸው በዋናነት ጊዜ ነው። የዕዳው መክፈያ ቀን ሩቅ ሲሆንና በእጅ ያለው ገንዘብ ሲበቃ እምቢታ የመደራደሪያ አቅም ይሆናል። የብድር ውሉ ጣሪያ ሲቃረብ ግን እምቢታ ንብረቱን ለአበዳሪ ማስረከብ ሊሆን ይችላል።

ለኢትዮጵያ ያለው ትርጉም

የኢትዮጵያ ንግድ ሕግ ለነባር ባለአክሲዮኖች አዲስ አክሲዮን በቅድሚያ የመግዛት መብት ይሰጣል። ሆኖም የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራውን በይፋ ያስጀመረው እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ስለሆነ፣ በአብዛኞቹ አክሲዮን ማኅበራት መብቱን በቀላሉ መሸጥ አይቻልም። በስሌታችን 30 ብር ያወጣ የነበረው መብት ገዢ ካጣ፣ ገንዘብ ለሌለው አናሳ ባለአክሲዮን የሚቀርለት ኪሳራው ብቻ ነው። ስለሆነም የቅድሚያ መብት በሕግ መደንገጉ ብቻውን በቂ ጥበቃ አይሆንም። መብቱ የሚተላለፍበት ሥርዓት፣ የዕዳው መክፈያ ጊዜ ሰሌዳና የተዋጣው ገንዘብ የሚውልበት ዝርዝር ከጉባኤው በፊት ለባለአክሲዮኖች ሊቀርቡ ይገባል።