ቡናው ሳይሆን አፍንጫው ነበር

በ2013 ዓ.ም. ነቀምቴ ውስጥ አክስቴ ቡና እየቆላች «የዘንድሮ ቡና ምን ነክቶታል? ጭራሽ አይሸትም እኮ!» አለች። ቤቱን ጭሱ ሞልቶታል፤ ያልሸተታት እሷን ብቻ ነው። ለቀምቴ ተብሎ ውጭ ሀገር ድረስ የሚሸጥ ቡና አይሸትም ከተባለማ ነገር አለ! ትኩሳቱ በማግስቱ መጣ። ለመሆኑ ኮሮና ቫይረስ አፍንጫዋ ውስጥ ምን ሠራ?

ይህ ቫይረስ ህዋስ ውስጥ ካልገባ ብቻውን አይራባም። መጠኑ ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥር ሺህ እጅ አንዱ ያህል ነው። በስብ ሽፋን ተጠቅልሏል፤ ሽፋኑ ላይ ስፓይክ የሚባሉ የፕሮቲን ጉጦች ተተክለዋል። ኮሮና (በላቲን ዘውድ ማለት ነው) የተባለውም በነሱ ምክንያት ነው። ጉጡን ቁልፍ በሉት። ቁልፉ የሚገጥመው ህዋሳችን ላይ ካለው ኤሲኢ 2 ከተባለ ፕሮቲን ጋር ነው። ይህ ፕሮቲን ለቫይረሱ የተሠራ እንዳይመስላችሁ፤ የደም ግፊት ለማስተካከል የሚያግዝ የራሳችን ንብረት ነው። በአፍንጫ፣ በሳንባ፣ በአንጀት፣ በልብና በኩላሊት ይገኛል።

ታዲያ ቁልፉ ስለገጠመ ብቻ በሩ አይከፈትም። ጉጡ መቆረጥ አለበት፤ የሚገርመው ቆራጩም የኛው ነው። ቲኤምፒአርኤስኤስ 2 የተባለ ኢንዛይም (ስሙን ለመጥራት ራሱ ትንፋሽ ይጠይቃል) ሲቆርጠው የተደበቀው ክፍል ተስፈንጥሮ የህዋሱን ሽፋን ይወጋና ሁለቱን ሽፋኖች ስቦ ያዋህዳል። ሌላም መንገድ አለ፤ ህዋሱ ቫይረሱን እንዳለ ይውጠውና ቆረጣው ውስጥ ይፈጸማል። በ2014 ዓ.ም. የመጣው ኦሚክሮን ይህንን ያዘወትራል።

ከዚያ 30 ሺህ ገደማ ፊደል ያለው አርኤንኤ ይለቀቃል። የህዋሱ ፕሮቲን መሥሪያዎችም የራሳቸው ትእዛዝ መስሏቸው እያነበቡ የቫይረሱን ዕቃ ያመርታሉ። አዳዲሶቹ ተገጣጥመው ይወጡና ጎረቤት ህዋስ ያንኳኳሉ።

አክስቴ አፍንጫ ውስጥ በዋናነት የተጠቁት ሽታ የሚለዩት ነርቮች አይደሉም፤ በዙሪያቸው ሆነው የሚንከባከቧቸው ህዋሶች ናቸው፤ ኤሲኢ 2 ያለው እነሱ ላይ ነውና። ሽታ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰውም ለዚህ ነው።

ይህን ያኔ ማን ይንገረን? የመጀመሪያው ታማሚ አዲስ አበባ ላይ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በምዕራብ፣ በቄለምና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ግን ስልክና ኢንተርኔት ከታኅሣሥ ጀምሮ ተቋርጦ ነበር፤ የተመለሰው መጋቢት 22 ነው። ነቀምቴ ስልክ ቢሠራም ኢንተርኔት አልነበረም። ቫይረሱ አገር ገብቶ ስለ ቫይረሱ የሚወራው ግን ከአፍ ወደ አፍ ነው፦ ነጭ ሽንኩርት ብሉ፣ ፌጦ ብሉ፣ አረቄ ጠጡ። እኛም ቤት ፌጦው አልቀረም። እስቲ አስቡት፣ የበላነው ፌጦ ሆድ ገባ፤ ቁልፉ የሚገጥመው አፍንጫ ውስጥ ነው! አረቄውም ቢሆን ሰካራም ከማድረግ በቀር ኤሲኢ 2ን አይዘጋም። ሳሙና ግን ሳንቲም እያወጣን ስንገዛው የኖርነው ተራው ሳሙና የስቡን ሽፋን ያፈርሰዋል፤ ሽፋኑ ከፈረሰ ጉጡ የሚቆምበት የለም። ማስክ አፍንጫን ካልሸፈነ ዋናውን በር ክፍት መተው ነው (አገጭ ላይ ስናደርገው የነበርን እንተዋወቃለን)። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. መሰጠት የጀመረው ክትባት ደግሞ ሰውነታችን ጉጡን አስቀድሞ እንዲያውቀውና ቁልፉን እንዲሸፍን ያስተምረዋል።

አክስቴ ሽታ የተመለሰላት ከሁለት ወር በኋላ ነው። ቡና ግን አልነበረም የቀደመው፤ ያረረ ሽሮ ነው።