የገደብ ማሟላት ችግርን ሞዴል ማድረግ

የገደብ ማሟላት ችግር በኮምፒውተር ሳይንስ፣ ለተወሰኑ ተለዋዋጮች የተሰጡትን ገደቦች ሁሉ የሚያሟሉ ዋጋዎችን የመፈለግ ችግር ነው። የፈተና ፕሮግራም ማውጣትና ሱዶኩ መሙላት የዚህ ዓይነት ናቸው። ችግሩን በተለዋዋጮችና በገደቦች መግለጽ ሞዴል ማድረግ ይባላል። ለአንድ ችግር ብዙ ሞዴል ሊኖር ይችላል፤ መልሱ ቶሎ መገኘቱም ብዙ ጊዜ ከኮምፒውተሩ ፍጥነት ይልቅ በሞዴሉ ይወሰናል።

ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ጀርመናዊው የቼዝ ተጫዋች ማክስ ቤዘል በ1848 እ.ኤ.አ. ያቀረበው የስምንት ንግሥቶች ችግር ነው። በ8 በ8 ሰሌዳ ላይ 8 ንግሥቶች አንዷ ሌላዋን እንዳታጠቃ ሆነው መቀመጥ አለባቸው። ንግሥት በረድፍ፣ በዓምድና በሰያፍ ታጠቃለች።

መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው እያንዳንዱን ካሬ ተለዋዋጭ አድርጎ «ንግሥት አለች ወይስ የለችም?» ብሎ መጠየቅ ነው። ከ64 ካሬዎች 8ቱን ለመምረጥ ግን 4,426,165,368 መንገዶች አሉ። በአንድ ረድፍ ሁለት ንግሥቶች ሊኖሩ ስለማይችሉ፣ ለየረድፉ አንድ ተለዋዋጭ ሰጥተን ዋጋውን የንግሥቷ ዓምድ ብናደርግ አማራጩ ወደ 16,777,216 ይወርዳል። የረድፉን ገደብ መጻፍም ቀረ፤ ሞዴሉ ራሱ ይዞታል። ዓምዶቹ ሁሉ መለያየት አለባቸው ሲባል ደግሞ 40,320 ብቻ ይቀራሉ። ከእነዚህ ትክክለኛ የሆኑት 92 ናቸው። ፈቺ ፕሮግራሞች ሁሉንም አንድ በአንድ አይሞክሩም፤ ቢሆንም ጠባብ ቦታ ውስጥ መፈለግ ይቀላቸዋል።

ገደቡ የሚጻፍበት መንገድም ለውጥ ያመጣል። ሦስት ተለዋዋጮች 1 ወይም 2 ብቻ መያዝ ቢችሉና መለያየት ቢኖርባቸው፣ መልስ እንደሌለ ሰው ወዲያው ያያል። ገደቡ ጥንድ በጥንድ ከተጻፈ ግን ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ጥንድ ለብቻው ሲያይ ስህተት አያገኝም፤ ዋጋ መሞከር ሊጀምር ግድ ነው። «ሁሉም ይለያዩ» የሚል አንድ ገደብ ሦስቱን በአንድነት ስለሚመለከት ችግሩን ያለ ሙከራ ሊይዘው ይችላል። ዣን-ሻርል ሬጅን በ1994 እ.ኤ.አ. ለዚህ ገደብ ቀልጣፋ ስልተ ቀመር አቅርቧል። በንግሥቶቹ ችግር ይኸው ገደብ ለዓምዶቹ አንድ ጊዜ፣ ለሁለቱ የሰያፍ አቅጣጫዎች ደግሞ አንድ አንድ ጊዜ ይጻፋል።

ሌላው ዘዴ መንትያ መልሶችን ማስቀረት ነው። ሰሌዳውን ግራና ቀኝ ብንገለብጠው አንዱ መልስ ሌላ መልስ ይሰጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ረድፍ ንግሥት ከ1 እስከ 4 ባሉት ዓምዶች ብቻ ትሁን ካልን 46 መልሶች ይገኛሉ፤ የቀሩት 46 የእነዚሁ ግልባጮች ናቸው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ለየብቻቸው ትክክል የሆኑ ሁለት እንዲህ ያሉ ገደቦች አብረው ሲጻፉ መንትያውን ብቻ ሳይሆን ዋናውንም መልስ ሊያጠፉ ይችላሉ።