አጽናኞችን ማን ያጽናና?

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮሮና ወደ አገራችን መግባቱ በተነገረ ጊዜ፥ የአእምሮ ሕሙማንን የሚያክሙ ሐኪሞችና ነርሶች የሌላውን ጭንቀት እየሰሙ የራሳቸውን ዋጡ። በላስታማ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት እስከ ላሊበላ ደርሶ በሸክም ላይ ሸክም ጨመረባቸው።

ሥራ ያዛለው ሐኪም እንቅልፍ ያጣል፥ ይቆጣል፥ ርኅራኄውም ይቀዘቅዛል፤ ይህ ግን ድካም እንጂ ክፋት አይደለም። ነቢዩ ኤልያስ እንኳ በዛለ ጊዜ ሞትን ለመነ፤ መልአኩም ሳይገሥጸው እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፥ ተመልሶ እንዲተኛም ተወው።

የላሊበላ ሰዎች ለልደት በእግሩ የመጣውን ምእመን እግሩን አጥበው ይቀበሉታል። እኛም ከሌሊት ተራው ወደ ቤታችን የተመለሰውን በጥያቄ ሳናደክም ማዕድ እናቅርብለት፥ ያርፍ ዘንድም እንተወው። ሕሙማንን ማስታመም ጽድቅ እንደ ሆነ፥ አስታማሚውን ማሳረፍም ጽድቅ ነው።