ከተማ የገባውን ፎስፈረስ ወደ ማሳ መመለስ

አንድ ኩንታል ኤን ፒ ኤስ የአፈር ማዳበሪያ በውስጡ 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ ፎስፌት እና 7 በመቶ ሰልፈር ይዟል። አርሶ አደሩ በዘር ወቅት ይህን ማዳበሪያ ከዘሩ ጋር አፈር የሚያለብሰው በዋናነት ለፎስፌቱ ሲል ነው። ፎስፈረስ የሰብሉ ሥር እንዲጠነክርና ፍሬው እንዲሞላ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ሲኾን ሥራውን ተክቶ የሚሠራለት ሌላ ንጥረ ነገር የለም።

ናይትሮጅንን ከአየር ማምረት ይቻላል፤ ዩሪያ የሚገኘውም በዚህ መንገድ ነው። ፎስፈረስ ግን ከዐለት ተቆፍሮ ይወጣል። በዓለም ከታወቀው የፎስፌት ዐለት ክምችት 70 በመቶ ገደማ የሚኾነው በሞሮኮ እና በምዕራብ ሰሃራ ይገኛል። ኢትዮጵያም ፎስፌት ያለውን ማዳበሪያ በብዛት የምትገዛው ከሞሮኮ ነው። በ2014 ዓ.ም የዩክሬን ጦርነት ሲቀሰቀስ የዓለም የማዳበሪያ ዋጋ አሻቅቦ ጫናው እስከ አርሶ አደሩ ጓዳ መድረሱ አይዘነጋም።

በዚህ ዋጋ የተገዛው ፎስፈረስ ታዲያ መጨረሻው የት ነው? ሰብሉ ከአፈር የወሰደው ከእህሉ ጋር ተጭኖ ከተማ ይገባል፤ በምግብነት ካገለገለ በኋላም በመጸዳጃ ቤት በኩል ይወገዳል። አንድ አዋቂ ሰው በዓመት ግማሽ ኪሎ ግራም ገደማ ፎስፈረስ ከሰውነቱ ያስወግዳል፤ ከግማሽ የሚበልጠውም በሽንት የሚወጣ ነው። በአንድ ኩንታል ኤን ፒ ኤስ ውስጥ ያለው ንጹሕ ፎስፈረስ ከ16 እስከ 17 ኪሎ ግራም ነው። 33 ሰዎች በዓመት የሚያስወግዱት ከዚህ ጋር ይስተካከላል ማለት ነው። 100 ሺህ ነዋሪዎች ባሏት ከተማ ሲሰላ ደግሞ በዓመት በ3 ሺህ ኩንታል ኤን ፒ ኤስ ውስጥ ያለውን ያህል ይኾናል። ይህ ሀገሪቱ በሚሊዮን በሚቆጠር ኩንታል የምታስገባውን ማዳበሪያ አይተካም። በአንዲት ከተማ ዙሪያ ላሉ አርሶ አደሮች ግን ቀላል መጠን አይደለም።

ማሳ ላይ የጠፋው ንጥረ ነገር ውኃ ውስጥ ሲገባ ጠላት ይኾናል። በ2004 ዓ.ም አካባቢ በጣና ሐይቅ የታየው እምቦጭ የሚፋፋው ናይትሮጅን እና ፎስፈረስ በበዛበት ውኃ ነው። ምንጩም በጎርፍ ታጥቦ የሚገባው የማሳ አፈር እና ከከተሞች የሚለቀቀው ፍሳሽ ነው።

ፎስፈረስን ከፍሳሽ የማስመለሱ ሥራ ከችግር የተወለደ ነው። በትላልቅ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዎች ስትሩቫይት የተባለ ነጭ ድንጋይ መሰል ነገር በቧንቧዎች ውስጥ እየተጋገረ መስመር ይዘጋ ነበር። ይህ ነገር ማግኒዚየም፣ አሞኒየም እና ፎስፌት ተዋሕደው የሚፈጥሩት ውሑድ ነው። ባለሙያዎች ቧንቧ ውስጥ ሲጋገር ከመፈልፈል ይልቅ በተዘጋጀ ጋን ውስጥ ሆን ብለው እንዲፈጠር ማድረግን መረጡ። ከዝቃጩ በተለየው ፈሳሽ ላይ የማግኒዚየም ጨው ይጨመራል፤ የፈሳሹ አሲዳማነት ይቀነሳል፤ ከዚያም እንደ እህል ፍሬ የደቀቁ ጠጠሮች ይወጣሉ። በካናዳ ኤድመንተን እ.አ.አ በ2007፣ በአሜሪካ ቺካጎ ደግሞ እ.አ.አ በ2016 በዚህ መንገድ የሚሠሩ ማምረቻዎች ሥራ ጀምረዋል። ምርቱ 28 በመቶ ገደማ ፎስፌት ይይዛል። ኾኖም ዘዴው ወደ ጣቢያው ከሚገባው ፎስፈረስ ውስጥ ከፊሉን ብቻ ነው የሚያስመልሰው።

ጀርመን በሌላ መንገድ አብዛኛውን ለማስመለስ እየሠራች ነው፤ ዝቃጩን አቃጥሎ ፎስፈረሱን ከአመዱ በአሲድ ማውጣት። እ.አ.አ በ2017 ባወጣችው ደንብ መሠረት ትላልቅ ማጣሪያ ጣቢያዎች እ.አ.አ ከ2029 ጀምሮ ፎስፈረስን የማስመለስ ግዴታ አለባቸው። የሚገርመው ፎስፈረስ ራሱ መጀመሪያ የተገኘው በዚያው ሀገር፣ በሃምቡርግ ከተማ፣ ከሽንት መኾኑ ነው። እ.አ.አ በ1669 ሄኒግ ብራንድ የተባለ ሰው ወርቅ አገኛለሁ ብሎ ሽንት ሲያፈላ በጨለማ የሚያበራ ንጥረ ነገር አገኘ።

ስትሩቫይት በውኃ ቶሎ አይሟሟም፤ ሥሮች በሚያመነጩት አሲድ ቀስ በቀስ ይለቀቃል። በዝናብ አለመታጠቡ ጥቅሙ ሲኾን ለቡቃያ ፈጥኖ አለመድረሱ ደግሞ ጉድለቱ ነው። ስለዚህ ቶሎ ከሚሟሟ ማዳበሪያ ጋር ተደባልቆ ቢሰጥ ይመረጣል። እንደ ጎጃም ደጋማ አካባቢዎች ባለ አሲዳማ አፈር ላይ የበለጠ ይሟሟል፤ ነገር ግን የተለቀቀውን ፎስፈረስ በአፈሩ ውስጥ ያሉት ብረት እና አሉሚኒየም መልሰው ይይዙታል። ኖራ መጠቀም ስለዚህ አይቀርም።

ከላይ የተጠቀሱት ዘዴዎች ሁሉ ፍሳሽ በቧንቧ ተሰብስቦ አንድ ቦታ እንዲደርስ ይፈልጋሉ። በአዲስ አበባ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ የተገነባው የቃሊቲ ጣቢያ አለ። በአብዛኞቹ የሀገራችን ከተሞች ግን ያለው ጉድጓድ፣ ታንከር እና መጣጭ መኪና ነው። ለእነዚህ የሚቀርበው መንገድ ሽንትን ከምንጩ መለየት ነው። በኔፓል ሲዲፑር መንደር በተካሄደ ሙከራ በተጠራቀመ ሽንት ላይ ማግኒዚየም ተጨምሮ ይማሰልና በጨርቅ ተጠልሎ ይደርቅ ነበር። ከ1 ሺህ ሊትር የሚገኘው ግን ጥቂት ኪሎ ግራም ብቻ በመኾኑ ከባዱ ሥራ ማጓጓዙ ነው። በሀገራችንም እ.አ.አ ከ2006 ጀምሮ በአርባ ምንጭ፣ ዩኒቨርሲቲው በተሳተፈበት ፕሮጀክት፣ ሽንትን የሚለዩ መጸዳጃ ቤቶች ተሞክረዋል።

ብዙዎች ነገሩን እንደ ጸያፍ ሊያዩት ይችላሉ። ከጸያፍነቱ ይልቅ ሊያሳስብ የሚገባው ግን ያልተጣራ ፍሳሽ ነው። በአቃቂ ወንዝ ዳርቻ እንደሚታየው በተበከለ ውኃ አትክልት ማልማት የወስፋት እንቁላልን እና የፋብሪካ ብረታ ብረቶችን ወደ ገበታ ያመጣል። የተለየ ሽንት ከዓይነ ምድር ጋር ካልተቀላቀለ አደጋው በእጅጉ ያንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እንደሚያስቀምጠው፣ ከብዙ ቤተሰብ የተሰበሰበ ሽንት ለማንኛውም ሰብል እንዲውል በ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ቢያንስ ለ6 ወራት መቀመጥ አለበት። ጀሪካኑ በደንብ ካልተከደነ ናይትሮጅኑ ተንኖ ይጠፋል። ሲጨመርም ቅጠል ሳይነካ ከተክሉ አጠገብ በተቆፈረ ትንሽ ቦይ ፈስሶ ወዲያው አፈር ይለብሳል፤ ሰብሉ ሊሰበሰብ አንድ ወር ሲቀረውም ይቆማል።