በባለ ሦስት አውታረ መጠን ሞዴሎች ላይ ገጽታን ስለመቀባት

ቅርሶችንና ሕንጻዎችን በተለምዶ «ስሪዲ» በሚባለው ባለ ሦስት አውታረ መጠን የኮምፒውተር ሞዴል ማቅረብ እየተለመደ መጥቷል። ይሁንና ተመልካቹ በስክሪን ላይ ከሚያየው ውስጥ የተመዘገበውን ከተቀባው መለየት ብዙ ጊዜ ያዳግተዋል። ይህ ጽሑፍ ሞዴል ለሚሠሩ፣ ለሚያሠሩና ለማስተማሪያነት ለሚጠቀሙ ዜጎች የቀረበ ማብራሪያ ነው።

በመጀመሪያ የሚዘጋጀው፣ በተያያዙ ጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች የተገነባ፣ ቀለም የሌለው ቅርጽ ነው። የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ ብንወስድ፣ መስቀለኛ ቅርጹና መስኮቶቹ በዚህ ይገለጻሉ። የድንጋዩ ቀላ ያለ መልክና ዘመን ያመጣበት መወየብ ግን የሚመጣው በቅርጹ ላይ ከሚለበጠው «ቴክስቸር» ከተባለው ምስል ነው። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1974 በዩታ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ሥራው ያስተዋወቀው ኤድዊን ካትሙል ነው።

ምስሉ ጠፍጣፋ፣ ሞዴሉ ግን ጎባጣና ጎድጓዳ ያለው ነው። ስለሆነም የተሰፋ ቀሚስ ተተርትሮ ጠረጴዛ ላይ እንደሚዘረጋ ሁሉ፣ የሞዴሉ ገጽ በተመረጡ መስመሮች ተከፍቶ ይዘረጋል። መስመሩ ጎልቶ በሚታይ ቦታ ካለፈ ቀለሙ እዚያ ላይ የተቋረጠ ይመስላል፤ ጥሩ ልብስ ሰፊ ስፌቱን እንደሚደብቅ ሁሉ በማዕዘንና በጥላ ሥር ማሳለፍ ይመረጣል። ከዚያ በኋላ ባለሙያው በኮምፒውተሩ ብሩሽ በቀጥታ በሞዴሉ ላይ ይቀባል።

የሚቀባው ቀለም ብቻ አይደለም። አንዱ ምስል ቀለሙን፣ ሌላው የገጹን ሸካራነት፣ ሦስተኛው ብርሃን የሚያርፍበትን አቅጣጫ በመለወጥ የጎድጓዳነትን ስሜት ይይዛል። ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ላይ ነው። በዚህ በሦስተኛው ምስል የተሠራ ስንጥቅ ጥልቅ መስሎ ቢታይም ቅርጹ ላይ የለም፤ ጥልቀቱን ከሞዴሉ ልለካ የሚል መሐንዲስ የሚያገኘው ጠፍጣፋ ግድግዳ ነው።

የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲው የዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ስካነር መዝግቧል። በእንዲህ ዓይነት ምዝገባ መሣሪያው ወይም ካሜራው ያልደረሰበት ስፍራ ክፍት ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ባለሙያው ከአጠገቡ ካለው ድንጋይ መልክ ቀድቶ ክፍተቱን ይሞላል። ይህ ነውር የለበትም። ነውሩ ሳይገለጽ ሲቀር ነው፤ የተፋቀ ሥዕል በግምት ተቀብቶ እንደ ነባር ሲቀርብ ተማሪውም ጠጋኙም ይሳሳታሉ። የለንደን ቻርተር የተሰኘው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የተሻሻለው የባለሙያዎች ሰነድም፣ በማስረጃ የተደገፈው ከግምቱ ተለይቶ እንዲታወቅ ይጠይቃል።

ስለሆነም ሞዴል የሚያሠራ ሰው ወይም ተቋም ሁለት የቴክስቸር ምስሎችን መጠየቅ ይኖርበታል፦ አንዱ ከፎቶግራፍ የተገኘው ሳይነካ፣ ሌላው ከተቀባ በኋላ ያለው፤ የተሞሉት ቦታዎች የተመለከቱበት አጭር መግለጫም ይያያዝ። በነጻ በሚገኘው ብሌንደር ለሚሠሩ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለ፦ የተቀባው ምስል ከሞዴሉ ፋይል የተለየ ስለሆነ ለብቻው ካልተቀመጠ የቀኑ ሥራ ሊጠፋ ይችላል።