የደረቀ ፍሬንና የናይሮቢ ከፍታ

በናይሮቢ ከተማ፣ ቀድሞ ግሮጋን ይባል በነበረውና ዛሬ ኪሪንያጋ ተብሎ በሚጠራው ጎዳና ግራና ቀኝ፣ የመኪና መለዋወጫ ሱቆችና ጋራዦች ተደርድረው ይታያሉ። በከተማዋ ከሚገኙት መካኒኮች ብዙዎቹ ከራሳቸው በላይ ጣሪያ የላቸውም። በስዋሂሊ «ጁዋ ካሊ» ማለት ብርቱ ፀሐይ ማለት ሲሆን፣ ስሙ በደጅ ሆኖ ለሚሠራ የእጅ ባለሙያ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። በእነዚህ ሰዎች ትጋት ዕድሜያቸው ከተራዘመላቸው ተሽከርካሪዎች አንዱ ፔጆ 504 ፒካፕ ነው።

የ504 ቤተሰብ በኬንያ የታወቀ ነው። የቤት መኪናው እ.ኤ.አ. በ1975 የሳፋሪን የመኪና ውድድር ሲያሸንፍ፣ ባለሁለት በሩ ኩፔ ደግሞ በ1978 ድሉን ደግሞታል። ፒካፑ በ1979 ለገበያ ከቀረበ በኋላ፣ በዚያው አገር ሲገጣጠም ኖሮ በገጠርም በከተማም የጭነት አገልግሎት ሲሰጥ ቆይቷል። ዛሬ ምርቱ ስለቆመ በመንገድ ላይ የሚታየው ሁሉ አሮጌ ነው። ብረቱ ቢጠነክርም ጎማና ላስቲክ ያረጃሉ፤ ከሁሉ አስቀድሞ ከሚጎዱትም መካከል የአሽከርካሪውን እግር የሚያግዘው ሰርቮ ፍሬን ይገኛል።

ሰርቮ በፔዳሉና በዋናው የፍሬን ፖምፓ መካከል የተቀመጠ፣ ክብ ጣሳ የሚመስል ዕቃ ነው። ውስጡ በላስቲክ ግድግዳ ለሁለት ተከፍሏል። የቤንዚን ሞተር ሲሠራ፣ በአንድ ቱቦ አማካይነት ከሁለቱም ክፍሎች አየር ይስባል። አሽከርካሪው ፔዳሉን ሲረግጥ የውጭው አየር ወደ ኋለኛው ክፍል ብቻ ይገባና ግድግዳውን ወደ ፊት ይገፋዋል። በናፍጣ ሞተር ላይ ግን አየሩን የሚስበው ለዚሁ ተግባር የተሠራ ፖምፓ ነው። እንግዲህ እገዛው የሚመነጨው ከውጭው አየር ግፊት መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

የችግሩን ምንጭ ለመለየት በመጀመሪያ እግርን መጠየቅ ይገባል። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ በፍሬን ዘይቱ ውስጥ አየር ገብቷል ማለት ነው። ተረግጦ ሳለ ቀስ እያለ ወደ ወለሉ ከሰመጠ፣ የዋናው ፖምፓ ላስቲኮች ሳያረጁ አልቀሩም። እንደ ድንጋይ ከደረቀ ግን በቅድሚያ ሰርቮው ሊመረመር ይገባል።

ምርመራው መሣሪያ አይጠይቅም። ሞተሩን አጥፍቶ ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ መርገጥ፤ ከዚያም እግርን ሳያነሱ ሞተሩን ማስነሳት ነው። ሰርቮው ጤናማ ከሆነ ፔዳሉ ከእግር ሥር ጥቂት ዝቅ ይላል። ዝቅ ካላለ፣ ከሞተሩ የሚመጣው ቱቦ እንዳልተሰነጠቀ፣ ማሰሪያውም እንዳልላላ መመልከት ያሻል። ቀጥሎም ሞተሩን ለሁለት ደቂቃ ያህል አሠርቶ ካጠፉ በኋላ ጥቂት ቆይቶ ፔዳሉን መርገጥ ነው። የመጀመሪያው እርግጫ ወዲያውኑ ከደረቀ፣ አየር ተመልሶ እንዳይገባ የሚያግደው ትንሽ ቫልቭ ሥራውን አቁሟል፣ አለዚያም ሌላ ቦታ ያፈሳል። ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉ ተረግጦ ሲቆይ የአየር ፉጨት ከቀጠለና ሞተሩም ከተንቀጠቀጠ፣ የላስቲክ ግድግዳው ተቀዷል። የፍሬን ዘይቱ በውጭ ሳይንጠባጠብ እየጎደለ ጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ከተፋም፣ ዘይቱ ከፖምፓው ወደ ሰርቮው እየሾለከ ሞተሩ እየሳበው ሊሆን ይችላል።

ይህን ቅደም ተከተል የሚዘነጋ ባለንብረት፣ በአንዲት ቱቦ ሊድን የሚችለውን ሕመም ሙሉ ሰርቮ ገዝቶ ሊያክም ይነሳል። ከዚህም ሌላ ብዙዎች የማይገነዘቡት አንድ ምክንያት አለ፤ እርሱም የቦታ ከፍታ ነው። ናይሮቢ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በሞምባሳ ወደብ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። በባሕር ጠረፍ ያለ ሥራ የሚዞር ጤነኛ የቤንዚን ሞተር በመለኪያ ላይ ከ17 እስከ 22 ኢንች ሜርኩሪ ቢያሳይ፣ በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ያህል ስለሚቀንስ በናይሮቢ ከ11 እስከ 16 ቢያሳይ አያስደንቅም። ስለዚህ ያው ጤናማ መኪና ከወደቡ ወደ ከተማዋ ሲወጣ ፔዳሉ ትንሽ ይከብደዋል። ይህ ብልሽት አይደለም። ነገር ግን ከፍታው ድርሻውን አስቀድሞ ስለወሰደ፣ በሞምባሳ የማይታወቅ ትንሽ ስንጥቅ በናይሮቢ ጎልቶ ይሰማል። አዲስ አበባና አሥመራ ከናይሮቢም ከፍ ያሉ በመሆናቸው፣ ጉዳዩ የእኛንም አሽከርካሪዎች በቅርብ የሚመለከት ነው።

ቁም ነገሩ የሚፈተነው በቁልቁለት ነው። ከናይሮቢ ወደ ናይቫሻ የሚወስደው አሮጌው መንገድ ወደ ስምጥ ሸለቆ በገደል ጥግ ይወርዳል። መንገዱን የሠሩት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተማረኩ የኢጣልያ ወታደሮች ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 ያነጿት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ በማይ ማሂዩ አቅራቢያ ትታያለች። ጣርማ በርን ወይም የዓባይን በረሃ የወረደ ኢትዮጵያዊ ሾፌር ይህን መንገድ ለመረዳት አይቸገርም። በእንዲህ ያለ ስፍራ ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ መንደርደር ራስንም ተሳፋሪንም ለአደጋ መስጠት ነው። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ሰርቮው የሚያግዘው ለሁለት ወይም ለሦስት እርግጫ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አሽከርካሪው የጭነቱን ክብደት በእግሩ ጉልበት ብቻ ይታገላል። በከባድ ማርሽ የሚወርድ ግን የሞተሩን እገዛ አያጣም፤ የፍሬን ሸራውም አይግልበትም።

እንግዲህ ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት መኪናን አቁሞ፣ ከላይ የተገለጸውን የፔዳል ምርመራ መፈጸም ከአንድ ደቂቃ የበለጠ አይወስድም። ፔዳሉ ዝቅ ካላለ ጉዞው በዚያው መቆም ይኖርበታል። ከኋላ በጭነቱ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ይህን ለማወቅ መንገድ የላቸውም፤ ሕይወታቸው የተሰጠው ለአሽከርካሪው ጥንቃቄ ነው።